ራሱን ሊፈልግ የሄደ ልጅ

ባለፈው ሰሞን በዕድሜም በማዕርግም የሚበልጡን አንድ የመሥሪያ ቤት ወዳጃችን፣ የሥራ ሰዓት ካለቀ በኋላ የታጠፈ ወረቀት በእጃቸው ይዘው ወደ ክፍላችን ገቡ። እኒህ ወዳጃችን አማርኛን የተማሩት ከጎለመሱ በኋላ ስለሆነ፣ እስከ ዛሬ ድረስ ትንሽ ደብተር ከኪሳቸው አይለይም፤ ያልገባቸውን ቃል ሁሉ እየጠየቁ ይጽፉበታል። የዚያን ዕለት ያመጡት ጥያቄ ግን የሰዋስው ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በውጭ አገር ትምህርቱን በመከታተል ላይ የሚገኘው ልጃቸው፣ አንድ የጀርመን ልብ ወለድ መጽሐፍ አንብቦ ልቡ እጅግ እንደ ተነካ፣ ትምህርቱንም ለጊዜው አቋርጦ «ራሱን ሊፈልግ» እንደ ቈረጠ በደብዳቤ አስታውቋቸዋል። ደብዳቤው የተጻፈው በአማርኛ ነበር፤ ልጁ ያደገው በከተማ ስለሆነ ከአባቱ ቋንቋ ይልቅ አማርኛውን አብልጦ ያውቃል።

«ይህ አማርኛ ነውን?» ብለው ጠየቁን። «እኔ የተማርሁት ራስ ማለት አናት ማለት እንደ ሆነ ነው። ሰው አናቱን በትከሻው ላይ ተሸክሞ ሳለ ሊፈልገው ወዴት ይሄዳል?»

እኛ ሳቅን፤ እርሳቸው ግን አልሳቁም። ስለዚህ የዚህን ሳምንት ዓምዳችንን ለጥያቄያቸው አውለነዋል፤ አማርኛን በመማር ላይ ከሚገኙት አንባብያናችን መካከልም ይህ ነገር የሚጠቅመው አይጠፋም ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

አስቀድመን ቃሉን እንመልከት። «ፈለገ» የሚለው ግስ ሁለት ሥራ አለው። «ውሃ እፈልጋለሁ» ያለ ሰው መሻቱን ይናገራል፤ «የጠፋችውን ላም እፈልጋለሁ» ያለ ሰው ግን ማሰሱን ይናገራል። በትግርኛም «ደለየ» የሚለው ቃል እንዲሁ ሁለቱን በአንድነት ይዞ ይሠራል። ጀርመኖች ለመሻት አንድ፣ ለማሰስ ሌላ ቃል ስላላቸው፣ የእነርሱን መጽሐፍ ወደ ቋንቋችን የሚመልስ ሰው በዚህ ስፍራ ጥቂት መቸገሩ አይቀርም። ከዚህም ሌላ «ፈለግ» የሚል ስም አለን፤ «የአባቱን ፈለግ ተከተለ» ሲባል ዱካውን፣ የእግሩን መንገድ ማለት ነው። በግዕዝ ደግሞ ፈለግ ወንዝ ነው፤ ፈለገ ዮርዳኖስ እንዲሉ። የሥርወ ቃሉን ምርመራ ለሊቃውንቱ እንተወዋለን፤ ነገር ግን መሻት፣ ማሰስ፣ የአባት ዱካና ወንዝ የሚሉትን አራት ነገሮች አንባቢው በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን። የልጁን ልብ የነካው መጽሐፍ ከእነዚህ ከአራቱ የወጣ አይደለምና።

መጽሐፉ «ሲዳርታ» ይባላል። ደራሲው ሄርማን ሄሴ ሲሆን የታተመው በ1922 ዓመት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያለው የዘመን ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ይሁን እንጂ ሲዳርታ ብቻውን የበቀለ ዛፍ አይደለም። ጀርመኖች አንድ ወጣት ከቤቱ ወጥቶ፣ ተሳስቶና ተምሮ፣ መልክ ያለው ሰው እስኪሆን ድረስ የሚተርኩ ልብ ወለድ ታሪኮችን መጻፍ ከጀመሩ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ለዚህም ዓይነት ድርሰት «ቢልዱንግስሮማን» የሚል ስም አውጥተውለታል፤ «ቢልድ» መልክ ወይም ሥዕል ማለት ስለሆነ፣ የሰው መልክ የሚሠራበት ድርሰት እንደ ማለት ነው። ከሁሉ የታወቀው ጎኤተ በ1795 እና በ1796 ያሳተመው «የቪልሄልም ማይስተር የተማሪነት ዘመን» ነው፤ በዚህም የነጋዴ ልጅ የሆነው ቪልሄልም የአባቱን ንግድ ትቶ ከቴአትር ሠሪዎች ጋር ይዞራል። ኖቫሊስ የተባለው ባለቅኔ ደግሞ በሕልሙ ሰማያዊ አበባ ስላየ አንድ ወጣት መጻፍ ጀምሮ ሳይፈጽመው በ1801 ሞተ፤ ያልተፈጸመውም መጽሐፍ በሚከተለው ዓመት ታተመ።

የእነዚህ መጻሕፍት ምንጭ ከወዴት እንደ ሆነ መመርመር ይገባል። ብዙ ሰዎች የፍለጋ ድርሰት ከሃይማኖት ቤት የሸሹ ሰዎች ሥራ ይመስላቸዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ከ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በጀርመን አገር ፒዬቲስት የተባሉ የወንጌል ሰዎች ተነሥተው ነበር። እነርሱም እምነት በልብ ካልተሰማ ባዶ ነው ስለሚሉ፣ እያንዳንዱ ምእመን የነፍሱን ሁኔታ በየቀኑ እንዲመረምርና በማስታወሻ ደብተር እንዲጽፍ ያበረታቱ ነበር። ሄርንሁት በተባለው ማኅበራቸው ደግሞ እያንዳንዱ አባል የሕይወቱን ታሪክ በገዛ እጁ ጽፎ ያስቀምጥና በቀብሩ ዕለት ይነበብለት ነበር። የኖቫሊስ አባት በዚህ መንፈስ የጸኑ ሰው ነበሩ። ጎኤተም በቪልሄልም ማይስተር ውስጥ ስድስተኛውን መጽሐፍ በሙሉ የሰጠው ለአንዲት መንፈሳዊት ሴት ኑዛዜ ሲሆን፣ ለዚህም ምሳሌ የሆነችው የእናቱ ወዳጅ የነበረችው ፒዬቲስቷ ሱዛና ፎን ክሌተንበርግ ናት። ስለዚህ ልብን መመርመር የተማረው ከጸሎት ቤት ነው፤ ወደ ልብ ወለድ የገባው ኋላ ነው። እኛም ፊደል የቈጠርነው በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለሆነ የዚህን ልማድ ጠባይ በጥቂቱ እናውቀዋለን፤ ከመኝታ በፊት «ዛሬ ምን በደልሁ?» ብሎ ራሱን መጠየቅ የለመደ ሕፃን፣ ካደገ በኋላ ጸሎቱን ቢተው እንኳ ጥያቄው አይተወውም።

የሄሴ ቤት የዚህ ቤት ፍጹም ምሳሌ ነበር። ሄርማን ሄሴ በ1877 ካልቭ በተባለች በቩርተምበርግ አገር በምትገኝ ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ ዮሐኔስ ሄሴ ከኤስቶንያ የመጡ ሰው ሲሆኑ የባዝል ሚሲዮን ወደ ህንድ ልኳቸው ነበር፤ ጤናቸው ስለ ታወከ ተመልሰው በካልቭ በመንፈሳዊ መጻሕፍት ኅትመት ሥራ ገቡ። እናቱ ማሪ ጉንደርት የተወለዱት በህንድ ነው። የእናቱ አባት ሄርማን ጉንደርት ብዙ ዘመን በህንድ ኖረው የማላያላም ቋንቋ ሰዋስውና በ1872 የታተመውን ታላቅ መዝገበ ቃላት ያዘጋጁ ሊቅ ነበሩ።

በዚህ ስፍራ አማርኛ ለሚማሩ አንባብያን ደስ የሚያሰኝ ነገር አለን። ማሪ ጉንደርት ዮሐኔስ ሄሴን ከማግባታቸው በፊት ቻርልስ ኢዘንበርግ የተባሉ ሌላ ሚሲዮናዊ አግብተው ነበር፤ እኒያም በ1870 ሞተውባቸው ከሁለት ልጆች ጋር ቀሩ። የቻርልስ አባት ደግሞ በአድዋና በሸዋ የነበሩት፣ በ1841 የአማርኛን መዝገበ ቃላት፣ በሚከተለውም ዓመት የአማርኛን ሰዋስው በሎንዶን ያሳተሙት ካርል ቪልሄልም ኢዘንበርግ ናቸው። እንግዲህ የሄርማን ሄሴ ሁለቱ የእናት ልጆች ወንድሞች አማርኛን በመዝገበ ቃላት ለውጭ ሰው የከፈቱት ሰው የልጅ ልጆች ነበሩ ማለት ነው። በአንድ በኩል የማላያላም፣ በሌላው በኩል የአማርኛ መዝገበ ቃላት የሠሩ አያቶች ያሉበት ቤት በዓለም ላይ ብዙ አይመስለንም።

ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣው ልጅ ግን ለወላጆቹ ቀላል አልሆነም። በ1891 ከባዱን የአገር ፈተና አልፎ ማውልብሮን ወደ ተባለው፣ ቀድሞ ገዳም ወደ ነበረው የካህናት ማሠልጠኛ ገባ። በሚከተለው ዓመት በመጋቢት ወር፣ ገና አሥራ አራት ዓመቱ ሳለ፣ ከዚያ ጠፍቶ ሌሊቱን በብርድ ሜዳ ላይ አደረ፤ በማግሥቱም ተገኘ። ከዚያ በኋላ ያለው ዓመት ለወላጆቹ የመከራ ዓመት ነበር። ልጁ የገዛ ሕይወቱን ሊያጠፋ ሞከረ፤ ወደ ሕሙማን ማቆያም ተላከ፤ ከዚያም ሆኖ ለአባቱ የጻፋቸው ደብዳቤዎች እጅግ መራራ ናቸው። ከመጽሐፍ ሻጭ ዘንድ ሊማር ገብቶ በሦስት ቀን ወጣ፤ በኋላም በተወለደባት ከተማ የቤተ ክርስቲያን ሰዓት በሚሠራበት ፋብሪካ ብረት ሲሞርድ አንድ ዓመት ከቈየ በኋላ በትዩቢንገን ከተማ ዳግመኛ የመጽሐፍ ንግድ ተማረ። ደራሲ ወይም ምንም ላለመሆን ከአሥራ ሦስት ዓመቱ ጀምሮ መቍረጡን ሄሴ ራሱ ኋላ ተናግሯል።

ከማውልብሮን ከጠፋ በኋላ ስለሆነው ነገር ሄሴ የተናገረው አንድ ታሪክ አለ። ልጁ ወደ አያቱ ክፍል የገባው ተግሣጽ እየጠበቀ፣ እየፈራ ነበር። ሽማግሌው ጉንደርት ግን አልተቈጡም፤ የዱሮ ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ሾልከው ሲዞሩ ይሉት የነበረውን የቀልድ ቃል አንሥተው፣ የታላላቅ አእምሮ ሰዎችን ጉዞ አደረግህ አሉ ብለው ብቻ ፈገግ አሉለት። አያቱ በሚከተለው ዓመት ሞቱ። ሄሴ ግን ያችን ፈገግታ እስከ ሽምግልናው ድረስ አልረሳትም።

ሄሴ በ1911 ወደ ምሥራቅ በመርከብ ተጓዘ። ሲሎንን፣ ሲንጋፖርንና ሱማትራን አየ፤ እናቱ የተወለዱበትን የማላባርን ጠረፍ ግን ሳያይ ታሞ ተመለሰ። ስለዚህ የሲዳርታ ህንድ በዓይን የታየ ህንድ አይደለም፤ ከአያት የመጽሐፍ መደርደሪያ የተገኘ ህንድ ነው። ይህንን ነውር ነው የሚሉ አሉ። እኛ ግን የደራሲው ሐሳብ አገር ማሳየት ስላልሆነ ነውር አንለውም።

ታሪኩ እንደዚህ ነው። ሲዳርታ የብራህማን ካህን ልጅ ነው፤ ሁሉ ይወደዋል፤ እርሱ ግን የአባቱ መሥዋዕትና ጸሎት ልቡን አያረካለትም። በዚያ መንደር ራቍታቸውን የሚዞሩ ባሕታውያን ባለፉ ጊዜ ከእነርሱ ጋር ለመሄድ የአባቱን ፈቃድ ለመነ። አባትየው እንቢ አሉ። ልጁም ሳይቈጣና ሳይጮህ እጆቹን አጣጥፎ በቆመበት ስፍራ ቀረ። አባት ተኙ፤ እንቅልፍ ግን አልወሰዳቸውም። ተነሥተው በመስኮት አዩት፤ ቆሟል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ዳግመኛ ተነሡ፤ ቆሟል። ሌሊቱ እንዲህ አለፈ። ሊነጋ ሲል የልጁ ጉልበቶች ሲንቀጠቀጡ ፊቱ ግን እንዳልተለወጠ አዩ፤ ያን ጊዜ ልጃቸው በአካል በቤት ቢኖር እንኳ በልቡ ቀድሞ እንደ ሄደ ገባቸው። ሂድ አሉት። በጫካ ደስታን ብታገኝ መጥተህ አስተምረኝ፣ ከንቱ ሆኖ ብታገኘው ደግሞ ተመለስ፣ እንደ ቀድሞው አብረን እንሠዋለን የሚል ቃል ጨምረው አሰናበቱት። በጀርመን ልብ ወለድ ውስጥ ስለ አባት ካነበብነው ሁሉ ከዚህች ሌሊት የሚበልጥ አላገኘንም።

ሲዳርታ ከባሕታውያኑ ጋር ሦስት ዓመት ጾመ። ከዚያም ጎታማ ቡድሃን አገኘ፤ ጓደኛው ጎቪንዳ የቡድሃ ደቀ መዝሙር ሲሆን እርሱ ግን ትምህርቱን እያከበረ፣ ሌላው ያገኘውን በቃል ከመስማት ማንም አያገኝም ብሎ ተለየ። ወደ ከተማ ገባ፤ ካማላ የተባለች በውበቷ የታወቀች ሴት ወዳጅ፣ የአንድ ሀብታም ነጋዴም የሥራ ጓደኛ ሆነ። ብዙ ዓመት በገንዘብ፣ በወይን ጠጅና በቁማር ካለፈ በኋላ ራሱን ተጸይፎ ወጣ፤ በወንዝ ዳር ደርሶ ሊሰጥም ሲቃረብ ከልቡ ውስጥ የቀድሞው የጸሎት ቃል ተሰምቶት ዳነ። ቫሱዴቫ ከተባለ ሽማግሌ ጀልበኛ ጋር ሰው እያሻገረ በዚያ ተቀመጠ።

ወጣቶች ብዙ ጊዜ መጽሐፉን የሚያነቡት እስከዚህ ድረስ ነው። ገጹን ሁሉ አይገልጡም ማለታችን አይደለም፤ ልባቸው የሚያነበው ግን ከቤት የመውጣቱን ነገር ነው። በ1951 ወደ እንግሊዝኛ ከተተረጐመ በኋላ በ1960ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ እጅግ ብዙ ወጣቶች በእጃቸው የያዙት በዚህ ምክንያት ይመስለናል። ሄሴ ራሱ ይህንን አላየም፤ በ1962 ስዊስ አገር በሞንታኞላ መንደር በሰማንያ አምስት ዓመቱ ሞቷል። በኖቤል ሽልማት የተከበረው ደግሞ አስቀድሞ በ1946 ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ሄሴ የሲዳርታን የመጀመሪያ ክፍሎች በ1919 መጨረሻና በ1920 መጀመሪያ በፍጥነት ጻፈ። ከዚያ በኋላ ብዕሩ ቆመ፤ እስከ አንድ ዓመት ተኩል ድረስም አልቀጠለም። የሚፈልገውንና የሚጾመውን ሰው ያውቀዋል፤ ራሱ ነበርና። ያገኘውን ሰው ግን አያውቀውም፤ ያልኖሩትን መጻፍ ከንቱ ነው ብሎ ተወው። ያን ዘመን ምን እንደ ደረሰበት ማስታወስ ይገባል። አባቱ በ1916 በኮርንታል ሞተው ነበር። (ኮርንታል በሸዋ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ የነበሩት ሚሲዮናዊው ክራፕፍ በ1881 የሞቱባት ያችው መንደር ናት።) በዚያው ዓመት አንድ ልጁ በብርቱ ታመመ፤ የሚስቱም አእምሮ ታወከ፤ እርሱ ራሱ ወደ ነፍስ ሐኪም ሄደ። በ1919 ቤቱ ፈረሰ፤ ሦስቱ ወንዶች ልጆቹ ለሌሎች ሰዎች አደራ ተሰጡ፤ እርሱም ብቻውን ወደ ሞንታኞላ ወጣ። እንግዲህ ብዕሩን መልሶ ያነሣው ሰው ከአባቱ የሸሸው ልጅ ብቻ አልነበረም፤ ልጆቹ ከእርሱ የተለዩ አባትም ነበር።

የመጽሐፉ መጨረሻ የዚህ አባት ሥራ ነው። ካማላ ቡድሃ በሞት አልጋ ላይ መሆኑን ሰምታ ስትጓዝ በወንዙ አጠገብ እባብ ነድፏት በጀልበኞቹ ጎጆ ሞተች፤ ሲዳርታም እስከዚያ ቀን ያላወቀውን የአሥራ አንድ ዓመት ልጁን አገኘ። ልጁ በምቾት ያደገ ነው፤ የድሆችን ሩዝ ይጸየፋል፤ የአባቱ ትዕግሥት ከዱላ ይልቅ ያስቈጣዋል። ቫሱዴቫ ልጁን በፍቅር ማሰርም ማሰር እንደ ሆነ ለወዳጁ ነገረው፤ ሲዳርታ ግን አልሰማም። ልጁ አንድ ቀን የመሻገሪያውን ገንዘብ ሰርቆ፣ ጀልባዋንም ወስዶ ጠፋ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከቀርከሃ ታንኳ ሠርተው ጀልባዋን ሊያመጡ ሲሻገሩ መቅዘፊያው በውስጧ አልተገኘም። መቅዘፊያውን ለምን እንደ ወሰደው ማንም መናገር አላስፈለገውም፤ አባቱ እንዳይከተለው ነው።

ቍስሉም ብዙ ዘመን አቃጠለው። አንድ ቀን ልጁን ሊያስስ ወንዙን ሲሻገር፣ ጐንበስ ብሎ በውሃው ውስጥ ፊቱን አየ። ፊቱ የሌላ ሰው ፊት ይመስል ነበር፤ ቀድሞ የሚያውቀው፣ የሚወደውና የሚፈራው ሰው። የአባቱ ነበር። ያችን ሌሊት ቆሞ አባቱን በግድ እንዳስፈቀደ፣ ከዚያም እንዳልተመለሰ፣ አባቱም ልጁን ዳግመኛ ሳያይ ብቻውን እንደ ሞተ አሰበ። የአባቱን ፈለግ አልከተልም ብሎ የወጣው ሰው ፈለጉን በፈለግ ዳር አገኘው ብንል፣ ከላይ የተናገርነው ቃል ሥራ አገኘ ማለት ነው። ሲዳርታም ኋላ ወደ ወንዙ ለመጣው ለቀድሞ ጓደኛው ለጎቪንዳ፣ አብዝቶ የሚፈልግ ሰው ዓይኑ ከሚፈልገው ነገር በቀር ሌላ ስለማያይ፣ በእግሩ አጠገብ ያለውን ሳያገኝ እንደሚያልፍ ይነግረዋል።

በመጽሐፉ ላይ ቅሬታ የለንም አንልም። ሲዳርታ ሦስት ዓመት ሲጾም እናቱ ምን ትሠራ እንደ ነበር ደራሲው አንድ መስመር አልሰጣትም። ለባሕታውያኑ በየደጁ ምጽዋት የሚሰጡት ሴቶች ሩዙን ማን እንደ ዘራው፣ ማን እንደ ቀቀለው የጠየቀ የለም። ሄሴ በ1927 ባሳተመው «የሜዳ ተኩላ» በተባለው መጽሐፉም ወንዱ ራሱን ሲመረምር ሴቶቹ መስተዋት ይዘው እንደሚቆሙለት ዓይነት ናቸው። የዚህን መጽሐፍ ነገር ግን ለሌላ ጊዜ እናቈየዋለን፤ ደራሲው ራሱ ከሥራዎቹ ሁሉ ይበልጥ አላግባብ የተተረጐመበት ይህ መሆኑን በኋላ እትም ላይ አመልክቷል። መጀመሪያ ሄሴን ለሚያነብ ሰው የምንመክረው ሲዳርታን ነው፤ አጭር ነው፤ ዓረፍተ ነገሩም የጸሎት መጽሐፍ ዓረፍተ ነገር ያህል ቀላል ስለሆነ ቋንቋ ለሚማር ሰው ይስማማል። ቀጥሎ በ1930 የታተመውን «ናርሲስና ጎልድሙንድ» ቢያነብ መልካም ነው።

ይህንን ሁሉ ለወዳጃችን በሁለት ምሽት በቃል ነገርናቸው። የመስኮቱን ሌሊት ስንነግራቸው አባትየው ስንት ጊዜ እንደ ተነሡ ጠየቁን። ከዚያም፦

«ልጁ ወደ አባቱ ተመለሰን?» አሉ።

«አልተመለሰም» አልን።

«ደብዳቤስ?»

«ደብዳቤም አልላከም።»

«እንግዲያስ የእኔ ይሻላል» አሉና ደብተራቸውን አወጡ።

መልሱን በዚያው በእኛ ጠረጴዛ ላይ በገዛ እጃቸው ጻፉት። ስድስት መስመር ነበር፤ እኛ ያረምነው ሁለት ፊደል ብቻ ነው። ስለ ተቋረጠው ትምህርትና ስለ ወጣው ገንዘብ አንድ ቃል አልነበረበትም። «ራስህን ፈልግ» የሚለውን ሐረግ ትክክል መሆኑን አንድ ጊዜ ከጠየቁ በኋላ ሳይሰርዙ ተዉት። ከፊርማቸው በላይ ግን፣ መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ጨርሰኸዋልን የሚል ጥያቄ ጨመሩበት።